«ጨ» እምቢ ያለኝ ሰሞን፦ የአንድ ፎንት የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

ለርዕስ የሚሆን ደማቅ የአማርኛ ፎንት ጀምሬያለሁ። ጥያቄው የመጣው መጽሔት ከምታዘጋጅ ጓደኛዬ ነው። የምትፈልገውን ባጭሩ ነገረችኝ፤ «ወፍራም ይሁን፣ ግን ዓይን አያፍን።» ልሠራው ስመኘው የኖርኩት ነገር ስለሆነ ዓይኔን ሳላሽ እሺ አልኩ። ማስታወሻ የምይዘው በምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ መሀሉ ላይ መድረቅ፣ አልሄድ ማለት፣ አለው። ሲመጣ ምን እንደሚመስልና በምን እንደሚያልፍ በወቅቱ መጻፍ እፈልጋለሁ። ካለፈ በኋላ ሰው ይረሳዋል።

ፊደል መሥራት ለምን እንደሚያደክም ትንሽ ላብራራ። የእንግሊዝኛ ፎንት የሚጀምር ሰው ትልቁንና ትንሹን ደምሮ 52 ፊደል ይጠብቀዋል። እኛ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» 33 ቤተሰብ አለን። እያንዳንዱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ቅርጽ አለው። ይህ ብቻ 231 ነው። እነ «ሏ»፣ «ቋ»፣ «ጓ»፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ላይ የሚወከሉበት የጋራ ደንብ፣ ዩኒኮድ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ለፊደላችን ዋናውን ክፍል ሲመድብ የሰጠው 384 ቦታ ነው፤ ሁሉም ባይሞላም። ስለዚህ አንድ «በ» ላይ የምወስነው የእግር ውፍረት መቶ ቦታ ይከተለኛል። እያንዳንዷ ትንሽ ውሳኔ ትከብዳለች። ብስጭቱም የሚወለደው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ዛሬ ግን ሥራው ሄደልኝ። «በ» ቆመ። ከሱ ተነስቼ «ባ»ን ግራ እግሩን አሳጠርኩ፣ «ቦ»ን ቀኝ እግሩን። በቀጭን ፎንት ላይ ትንሽ ልዩነት ይበቃል፤ በወፍራም ላይ ግን አይታይም። ስለዚህ አጭሩን እግር ከቁመቱ ሩብ ያህል ቆረጥኩት። ከሩቅ አየሁት፤ «ባ» ባ ነው፣ «ቦ»ም ቦ ነው። ደስ ብሎኝ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።

ማክሰኞ

ክቦቹ። «ዐ» ከ«በ» ጋር እኩል ቁመት ሲኖረው ያነሰ ይመስላል። ክብ ነገር መስመሩን የሚነካው በአንድ ነጥብ ብቻ ስለሆነ ዓይን ይቀንስበታል። ከላይም ከታችም ትንሽ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ከቁመቱ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ይበቃል።

የጎን መስመሮቹንም አቀጠንኩ። በቁጥር እኩል የሆነ የቁምና የጎን መስመር ለዓይን እኩል አይደለም፤ የጎኑ ይወፍራል። በፊደላችን ደግሞ ይህ ከጥንት የመጣ መልክም አለው። ቁም ጸሐፊው መቃ ብዕሩን ወደ ታች ሲስብ መስመሩ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። የብራና መጽሐፍ ላይ ያለው ያ ግርማ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው። እኔ የብራና ጽሑፍ እየቀዳሁ አይደለም፤ ግን ቁሙ እንዲገዛ እፈልጋለሁ።

ረቡዕ

«ጨ» እምቢ አለኝ።

ሦስት እግር አለው። ጎንና ጎኑ ላይ ትንንሽ ቀለበት አለው። ይህን ሁሉ በወፍራም መስመር ማስቀመጥ አለብኝ። ቁጥሩን ልጻፈው። ፊደሎቹን የምሠራው ባለ 1000 ነጥብ ሣጥን ላይ ነው። የ«በ» እግር ውፍረት 170 ነው። ለ«ጨ» ሦስት እግር 510 ይሄዳል። ለአካሉ ያሰብኩት ስፋት 640 ነበር። የቀረው 130 ለሁለት ሲካፈል በእግሮቹ መሀል 65 ብቻ ነጭ ቦታ ይኖራል። ይህ ፊደል አይደለም፣ ጥቁር ግድግዳ ነው። ቀለበቶቹ ሲጨመሩማ ጭራሽ ጠፋ።

ቀኑን ሙሉ ነጥብ ስገፋ ዋልኩ። ሁለት ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ግራ። ከዚያ መልሼ አጠፋዋለሁ። እጄ ይሠራል፣ ሥራው ግን አልተንቀሳቀሰም። ከሁሉ የባሰው ወደ ማታ የመጣው ነው። ትናንት የወደድኩት «ዐ» ድንገት አስጠላኝ። «በ»ም ተራ መሰለኝ። አንድ ፊደል ላይ የጀመረ ጥላቻ ወደ ሁሉም ተዛመተ። እውነቱን ለመናገር አንዳቸውም ከትናንት አልተለወጡም። የተለወጠው የኔ ዓይን ነው። አንድን ቅርጽ ለሰዓታት ያፈጠጠ ዓይን መፍረድ ያቆማል። በዲዛይን ሥራ ላይ ያለ ሁሉ ይህን ሰዓት ያውቀዋል። «እኔ ለካ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም» የሚባለውም በዚህ ሰዓት ነው። በዚህ ሰዓት የሚመጣ ፍርድ ግን መታመን የለበትም፤ የሚናገረው ድካም ነውና።

ሐሙስ

ጠዋት ፋይሉን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ከሰዓት ጓደኛዬ ደወለች፣ ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እስቲ አሳዪኝ» አለች።

«አይታይም፣ ያስጠላል።»

«ምኑ ነው ያስጠላሽ?»

«ሁሉ ነገሩ።»

«ሁሉ ነገሩ አይባልም። በጣትሽ ጠቁመሽ አሳዪኝ።»

ጣቴን ስክሪኑ ላይ አደረግኩ። የት ላሳርፈው? ወደ መሀለኛው እግር ሄደ። «ይሄ እግር ሁለቱን ይገፋቸዋል» አልኩ። ከዚያ ወደ ቀለበቱ፤ «ይሄ ቀዳዳው ሊደፈን ነው።» ከዚያ ወደ ራሱ፤ «እዚህ እግሮቹ ከላዩ መስመር ጋር የሚገናኙበት ቦታ ይጠቁራል።» ሌላ የምጠቁመው አላገኘሁም። ሁሉ ነገሩ ያልኩት ሦስት ቦታ ሆኖ ተገኘ።

እሷ ስትሄድ ሦስቱን ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው። አጻጻፉ ላይ አንድ ደንብ አወጣሁ። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የፊደሉ አካል ስም መኖር አለበት፤ እግር፣ ራስ፣ ቀለበት፣ ጭረት። «ከባድ ነው»፣ «ሕይወት የለውም»፣ «አልመጣልኝም» የሚሉት አይፈቀዱም። ስሜቱ ውሸት ስለሆነ አይደለም። እውነት ነው፣ ያማል። ግን «ሕይወት የለውም» ለሚል አቤቱታ እጅ ምንም ሊያደርግ አይችልም። «የመሀሉ እግር ወፍራም ነው» ለሚለው ግን ወዲያው የሚሠራ ነገር አለ። ብስጭቱን አልካድኩትም፤ አድራሻ ሰጠሁት።

ቀኑ ያለ ሥራ አለፈ ማለት አልችልም። አንድ ነጥብ ባላንቀሳቅስም፣ ከሰሞኑ ሁሉ ብዙ የሠራሁት ዛሬ ነው።

ዓርብ

ሌላ ነገር አስተዋልኩ። ስክሪኔ ላይ የሪፈረንስ ፎልደር ሁልጊዜ ክፍት ነው። የሌሎች ሰዎች ወፍራም ፎንቶች፣ ፖስተሮች፣ የድሮ የመጽሐፍ ሽፋኖች። «ጨ» ሲያስቸግረኝ ወደዚያ እሄዳለሁ። አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ የማወጣው ያየሁትን ነው።

ይህ የኔ ብቻ ችግር አይደለም። በ1991 እ.ኤ.አ. ጃንሰንና ስሚዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ አንዱ የምሕንድስና ሌላው የሥነ ልቦና ሰው፣ ይህን በሙከራ አሳይተዋል። ለምሕንድስና ተማሪዎች የማይደፋ የቡና ኩባያ ንድፍ እንዲሠሩ ሰጧቸው። ለግማሾቹ ምሳሌ የሚሆን ንድፍ አብረው አሳዩ። ምሳሌው የመጠጫ ገለባ (ስትሮ) ነበረው፤ መመሪያው ደግሞ ገለባ አትጠቀሙ ይላል። ምሳሌውን ያዩት ሰዎች ካላዩት ይበልጥ ገለባ እየጨመሩ ሣሉ። ያየነው ነገር ጉድለቱ ተነግሮንም እንኳ እጃችን ላይ ይቀራል ማለት ነው።

ይህ ለኔ ትልቅ እፎይታ ነው። ብዙዎቻችን ድርቀት ሲመጣ ሀሳብ ያለቀብን ይመስለናል። ከዚያ ሌላ ሀሳብ ፍለጋ ሌላ ሥራ እናያለን። ብዙ ጊዜ ግን የጠፋው ሀሳብ አይደለም፣ ቦታ ነው። የሌላ ሰው መልስ ጭንቅላቴን ሞልቶት የኔ ጥያቄ መቀመጫ አጣ። ፎልደሩን ዘጋሁ። ሪፈረንስ ክፉ ነው አልልም፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ጥሩ ነው። መሀል ላይ ሲገባ ግን ይጎዳል።

ቅዳሜ

ኮምፒውተር የለም ዛሬ። ጥቁር ወረቀት፣ መቀስ፣ ነጭ ወረቀት።

መቀስ ሁለት ነጥብ ወደ ቀኝ አያውቅም። የቆረጥከው ተቆረጠ። መጀመሪያ «ጨ»ን ከጥቁሩ ለመቁረጥ ሞከርኩ። አስቀያሚ ሆነ። ከዚያ ነገሩን ገለበጥኩት። አንድ ጥቁር አራት ማዕዘን አስቀመጥኩና ነጭ ቁራጮችን ላዩ ላይ እያሳረፍኩ ፊደሉን ማውጣት ጀመርኩ። ሁለት ነጭ ቁራጮች በእግሮቹ መሀል። እነሱን ሳሰፋ እግሮቹ በራሳቸው ቀጠኑ። ጥቁሩን አልነካሁትም። ነጩ ጥሩ ቅርጽ ሲይዝ ጥቁሩ ተከተለው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ግዕዝ በብረት ፊደል መጀመሪያ የታተመው በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ነው፤ መዝሙረ ዳዊት ነበር። ፊደል በብረት በሚታተምባቸው ዘመናት ቀራጩ ቅርጹን በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ያወጣል። ብዙ ጊዜ ግን ከፊደሉ በፊት ሌላ መሣሪያ ያዘጋጃል፤ የፊደሉን የውስጥ ባዶ ቦታ ቅርጽ የያዘ መምቻ። ባዶውን መጀመሪያ ይመታዋል፣ ከዚያ ዙሪያውን እየሞረደ ጥቁሩን ያወጣል። ሶፍትዌሩ የሚያሳየን የጥቁሩን ዳር ስለሆነ ይህን ረስተነዋል። ነጥቦቹ ያሉት ጥቁሩ ላይ ነው፤ ሰው የሚያነበው ግን በነጩ እየታገዘ ነው።

ማታ ላይ አምስት ስድስት የወረቀት «ጨ»ዎች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። አንዳቸውም ለፎንት አይሆኑም። ሁሉም ግን ከረቡዕ ዕለቱ ይሻላሉ።

ሰኞ

የወረቀቱን ይዤ ወደ ስክሪን ተመለስኩ። ሦስት እግር ያለው ፊደል እንደ ሁለት እግሩ ፊደል መወፈር የለበትም። ለ«ጨ»፣ ለ«ጠ»ና ለ«ሐ» እግሩን ከ170 ወደ 148 አወረድኩት። ስፋቱን ወደ 700 አሳደግኩ። አሁን በእግሮቹ መሀል 128 ነጭ አለ። ከ«በ» ጎን ሳስቀምጠው ዓይን ልዩነቱን አያይም፤ እኩል ነው የሚለው። የዲዛይን ሥራ ይህን መፍቀድ ነው። ቁጥሩ እኩል መሆን የለበትም፣ እኩል መምሰል አለበት።

እግሮቹ ከላዩ መስመር ጋር የሚገናኙበት ጥቁረትም መላ አለው። ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይሰፋል፣ ጠባብ ማዕዘን ውስጥ ደግሞ ይጠራቀማል። የፎንት ዲዛይነሩ ማቲው ካርተር በ1978 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ የስልክ ማውጫ በሠራው ቤል ሴንቴኒያል ፎንት ላይ መስመሮች በሚገናኙበት ቦታ ቆረጥ ቆረጥ አድርጎ ለቀለሙ ቦታ ትቶለታል። ርዕስ እንደ ስልክ ማውጫ ደቃቅ ስላልሆነ እኔ ያን ያህል አልቆረጥኩም። ግን ማዕዘኖቹን ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ አደረግኳቸው። ጥቁረቱ ቀለለ።

ሦስተኛው አቤቱታ ቀረ፣ ቀለበቱ። ይህ ነው ያሳሰበኝም ያስደሰተኝም። በዚህ ውፍረት የ«ጨ» ጎን ላይ ያለች ቀለበት ቀዳዳ ሊኖራት አይችልም። ቢኖራትም በትንሽ መጠን ስትታተም ትደፈናለች። ታዲያ ድፍን ላድርጋት? ድፍን ካደረግኩ ደግሞ ቀለበቶች ሁሉ ድፍን ይሁኑ የሚል ሀሳብ መጣ፤ ፎንት አንድ መልክ ይኑረው ስለሚባል። እዚያ ላይ ነው የቆምኩት።

«ሊ»ንና «ሌ»ን ጎን ለጎን አስቀምጪ። «ሊ» ቀኝ እግሩ ግርጌ ላይ ጭረት አለው። «ሌ» እዚያው ቦታ ላይ ቀለበት አለው። የ«ሌ» ቀለበት ከተደፈነ ሁለቱ ይምታታሉ። «ቢ»ና «ቤ»ም እንደዚያው፣ ሣልስና ኃምስ በብዙ ቤተሰብ እንደዚያው። ስለዚህ የኃምስ ቀለበት ቀዳዳው ሕይወቱ ነው። የ«ጨ» የጎን ቀለበት ግን ቢደፈንም ማንም አይሳሳትም፤ «ጠ» እዚያ ቦታ ምንም የለውምና። ሁለቱ ቀለበቶች አንድ ዓይነት ሥራ የላቸውም። አንዱ ደንብ ለሁለቱም አይሠራም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተፈታ። የ«ጨ» ጎን ላይ ትንንሽ ድፍን ጉብታ። የኃምስ እግር ላይ ሰፋ ያለ፣ ወደ ውጭ ወጣ ያለ፣ ቀዳዳው የማያጠራጥር ቀለበት። «ጬ» ላይ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ። መጀመሪያ የሚጣሉ መስሎኝ ነበር። ትንሹ ድፍን፣ ትልቁ ክፍት ስለሆነ ግን እያንዳንዱ ቦታውን ያዘ።

ረቡዕ

ፊደል ብቻውን መመልከት አቆምኩ። ፊደል ብቻውን ሲታይ ሁልጊዜ ጉድለት ይገኝበታል። ቃል አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። «ጨረቃ»፣ «ጨዋታ»፣ «መጨረሻ»፣ «ጩኸት»። ከሁሉ የጠቀመኝ «ሌሊት» ነው፤ «ሌ»ና «ሊ» አጠገብ ለአጠገብ የሚቆሙበት ቃል። ይህን ቃል ሳይንተባተቡ ማንበብ ከተቻለ ቀለበቱ ሠርቷል ማለት ነው።

ከዚያ ገልብጬ ለጠፍኳቸው። የተገለበጠ ቃል አይነበብም፣ ስለዚህ ዓይን ቅርጹን ብቻ ያያል። የት እንደሚጠቁር፣ የት እንደሚላላ ወዲያው ይታወቃል። «ታ» ከግርጌ ወደ ግራ የሚታጠፈው እግሩ ከፊቱ ያለውን ፊደል ይገፋል። «ጨዋታ» ላይ ግልጽ ሆኖ ታየ። ክፍተቱን አስተካከልኩ።

ስለ እረፍትም አንድ ነገር ልበል። ሰው ሲደርቅ «ተይውና ሂጂ፣ ራሱ ይመጣል» ይባላል። ግራሃም ዋላስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1926 እ.ኤ.አ. ፈጠራን በአራት ደረጃ ሲከፍል ሁለተኛው ሥራውን ትቶ በውስጥ እንዲበስል መፍቀድ ነበር። ሰዎች የሚረሱት ግን የመጀመሪያውን ደረጃ ነው፤ ጠንክሮ መዘጋጀት። እኔ ባየሁት፣ ጥርት ያለ ጥያቄ ይዤ ስተወው መልስ ይዤ እመለሳለሁ። ተበሳጭቼ ሸሽቼ ስተወው ግን ያው ብስጭት ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ስለዚህ አሁን ከመነሳቴ በፊት ፋይሉ ላይ አንድ ጥያቄ እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለ ጸጸት እሄዳለሁ።

ሌላም ለውጥ አድርጌያለሁ። መሣልና መፍረድ በአንድ ወንበር ላይ አይሆኑም። ጠዋት እሥላለሁ፣ ምንም አላጠፋም። የጣልኩት ሁሉ «ያልሆኑ» በሚል ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ከሰዓት አትሜ፣ ቆሜ፣ እርሳስ ይዤ እፈርዳለሁ። ቆሞ መፍረድ ለምን እንደሚሻል በደንብ ማስረዳት አልችልም፤ ከሥራው አንድ እርምጃ መራቁ ይመስለኛል። ግን ይሻላል።

ዓርብ

ጓደኛዬ ርዕሷን በፎንቱ አቀናብራ ላከችልኝ። «ሌሊት» የሚለው ቃል አለበት፣ በአጋጣሚ። ከሷ የመጣው አስተያየት አንድ ነበር፤ የ«ዋ» ክፍተት ሰፋ ይላል። ልክ ናት። አጠበብኩት።

አሁን ሳድስ ላይ ነኝ። ራብዕና ሳብዕ በብዙ ቤተሰብ እግር በማሳጠር ወይም በማጠፍ ይገኛሉ፣ ካዕብና ሣልስም በጭረት። ሳድስ ግን ደንብ አያውቅም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን መንገድ ነው የሚሄደው። ዛሬ ከሰዓት «ብ» ላይ ያ የማውቀው ስሜት መጣ። ደረቴ ላይ ጠበበኝ፣ ነጥብ መግፋትም ጀመርኩ። እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁና ጻፍኩት፤ «የ«ብ» የግራ ጭረት ከእግሩ መሀል ይውጣ ወይስ ከፍ ብሎ?» ጥያቄው ይህ ብቻ ነው። ሁለቱንም ሠርቼ «ብዕር»፣ «ክብር»፣ «ንብ»፣ «ብርብራ» የሚሉትን ቃላት በሁለቱም አትሜ ለጥፌያለሁ። ሰኞ ከሰዓት፣ እርሳሴን ይዤ፣ ከነሱ እጀምራለሁ።